ጥያቄ ቁጥር ሰባት

ሰኔ ነው፣ ይዘንባል፤ መብራት ሄዷል ዛሬ፤
ሰማንያ ሁለት ወረቀት ከምሬ፣
ፈረንጅ አራዳ፣ ከሚያፈስ ጣራ ሥር፣
በሻማ አርማለሁ የዓለምን ነገር።

ከመጽሐፍ ሳልቀዳ ራሴ ያወጣሁት፣
አምስት ማርክ የሚያዝበት ጥያቄ ቁጥር ሰባት፦
«ዓለምን ያዞሩ፣ ታሪክ ያጠመዘዙ
አምስት ቀኖች ጻፉ፤ ምክንያት አስይዙ።»

ጎበዞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጽፈዋል፦
ቁስጥንጥንያ ወድቃ፣ ማተሚያ ተሠርቷል፤
መርከብ ደቡብ ዞሮ ሕንድ አገር ሲገባ
እንፋሎት አፏጨ በማንችስተር አምባ፤
ሳራዬቮ ጥይት፣ ሂሮሺማ እሳት፣
ዓመቱ ከነወሩ፣ ያለ አንዳች ስህተት።
አንዱ የበርሊንን ግንብ ጎንደር አቁሞታል፤
ሳቅሁና ሰረዝኩት፤ ሻማው ተርገብግቧል።

ከሁሉም በታች ግን የራውዳ አባ ፊጣ፣
ከኋላ ወንበር ላይ ድምጿ የማይወጣ፤
ጽሑፏ እንደ ጤፍ ደቆ የተበተነ።
አምስት አልጻፈችም፤ አንድ ብቻ ሆነ፦

«ቀኑ አይታወቅም። ብቻ ሐሙስ ነበር፤
ሂርማታ ገበያ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣
የአያቴን አያት ከዳውሮ ያመጣት
ነጋዴ፣ ጨው ቆጥሮ ለሰው አስረከባት።
አሥራ ሰባት አሞሌ። አንዱ ግን ተሰንጥቆ
‹ይለወጥልኝ› አለ፣ ዋለ ተጨቃጭቆ።
እነሱ እስኪስማሙ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤
ገመዱን ሲስቡት ‹ኮቱ›ን ተማረች።
ቋንቋዋ ጠፍቶናል። ማታ ስንበላ
ወንድሜን ስጠራው ያቺው ናት፣ የለም ሌላ።
መምህር፣ ይቅርታ፤ ዓመተ ምሕረት የለን፤
ያ ጨው ሲለወጥ ነው ዓለም የዞረብን።»

ዝናቡ በረታ። እስክሪብቶዬ ቆመ።

በመልሱ ዝርዝር ላይ ሂርማታ የለችም፤
አሞሌ ቢሰነጠቅ ማርክ አይሰጥበትም።
ግን ደግሞ አሰብኩት፦
የቪየና ንግሥት ፊቷ በብር ታትሞ
በዚያው ገበያ ላይ፣ ከአሞሌ ጎን ቆሞ፣
ሰው ይገዛ ነበር።
ፓሪስ ላይ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ከተባለ
መቶ ዓመት አልፎትም ሚዛኑ እዚህ አለ።
ያ የጎበዞቹ መርከብ፣ ደቡብ የዞረው፣
ሆዱ ውስጥ ምን ነበር? ማን ነው የቆጠረው?

መስኮቱን ከፈትኩት። ጅሬን ጨልማለች፤
አንዲት ባጃጅ ብቻ ጭቃ ላይ ታነክሳለች።
ይህን መንገድ ጣልያን ለታንክ ነው ያለው፤
ቀይ ባንዲራ አልፎበት፣ ሬሳም አልፎበት፣
አሁን ጎርፍ አለው።

እኔም አለችኝ አንድ፣ ፈተና ላይ ያልወጣች፦
የካቲት ነው፤ ሬዲዮ፤ እናቴ ዝም አለች፤
አዋጁ ሲያበቃ አባቴ አጣጥፎ
የርስቱን ወረቀት፣ ጫማው ውስጥ አነጥፎ
(ጫማው ቀዳዳ ነው፣ ውሃ ያስገባል)
እስከ ክረምት ድረስ መሬቱ ላይ ሄደ።
ከዚያ ዝናብ ጣለ። ወረቀቱ ሟሟ።
የትኛው ቀን ነበር ዓለም የዞረበት፣
አዋጁ የወጣበት ወይስ እግሩ የራሰበት?
ጠይቆኝ አያውቅም፤ ማንም፣ አንድም ቀን።

አምስት ብዬ ጻፍኩኝ፤ ሰረዝኩት፤ አራት አልኩ፤
ሳሰላ፣ ስቆጥር፣ ያን ነጋዴ መሰልኩ።
ቁጥሩን ተውኩትና ከኅዳጉ ዳር
በቀዩ ጠየቅኳት፦ «ስሟ ማን ነበር?»

መብራት መጣ ድንገት። ከአዌቱ ማዶ
የሰፈሩ ልጆች «መጣ! መጣ!» ብለው ጮሁ።
ሻማውን ሳላጠፋ
ደግሜ አነበብኩት።